የናሙናው አልጋ

አልጋው በአራት እግሩ ቆሟል፤ ሆዱ ግን መሬት ነክቷል። ገመዶቹ ከመሃል ተበጥሰው ወደ ታች ተንጠልጥለዋል። በፖሊስነት ዘመኔ የተሰበረ ሱቅ፣ የተቃጠለ የሰሊጥ ክምር፣ የተፈነከተ ሰው ብዙ አይቻለሁ። አልጋ ተጎድቷል ተብዬ ስጠራ ግን ይህ የመጀመሪያዬ ነበር።

«ወንጀሉ ይኸ ነው?» አልኩት ሳጅን ኢሳን።

«ይኸው ነው ኢንስፔክተር እስከዳር። እንዳይስቁ ደግሞ፤ የአልጋው ባለቤት ደጅ ቆማለች።»

ፈገግታዬን ዋጥ አድርጌ ክፍሉን ማየት ጀመርኩ። ያለነው መተማ፣ የወረዳው ጽሕፈት ቤት ዕቃ ግምጃ ቤት ውስጥ ነው። ጽሕፈት ቤቱ ለሰሊጥ አረም ከደጋ ለሚወርዱት የቀን ሠራተኞች ማረፊያ ሠርቶ፣ ለማረፊያው የሚሆን አልጋ በጨረታ ሊገዛ ነው። እያንዳንዱ ተጫራች ዋጋውን በታሸገ ፖስታ፣ ሥራውን ደግሞ በአንድ ናሙና አልጋ ያቀርባል። ጨረታው የሚዘጋው አርብ ጠዋት አራት ሰዓት ላይ ነው። ዛሬ ሐሙስ ነው።

ክፍሉ ውስጥ ሦስት አልጋዎች አሉ። አንዱ የነጋዴው የጀይሉ ነው፤ ብረት ነው፣ ቀለሙ ያብረቀርቃል። ሁለቱ የገመድ አልጋዎች የሁለት የሴቶች ማኅበራት ናቸው። የፍቅርአዲስ ማኅበር ያቀረበው ደህና ነው። ሆዱ የወረደው የሰርካለም ማኅበር አልጋ ነው።

ሌሊቱን የዓመቱ የመጀመሪያ ዝናብ ጥሏል። ከዝናቡ ፊት ደግሞ ያ ሀቡብ የሚሉት የአቧራ ነፋስ ከሱዳን በኩል መጥቶ ከተማውን ሲያናውጠው አምሽቷል። በግንቦት ሙቀት ቤት ውስጥ የሚተኛ የመተማ ሰው ስለሌለ፣ ከተማው በሙሉ አልጋውን ተሸክሞ ሲሮጥ ነው ያደረው። ከእኔ በስተቀር። እኔ የጎንደር ከተማ ልጅ ነኝ፤ በሬን ቆልፌ በማራገቢያ ሥር ነው የምተኛው። ኢሳ ሁሌ ይስቅብኛል።

የግቢው ዘበኛ ጋሽ ባየልኝ ወገባቸውን በእጃቸው ይዘው መጡ። ግዙፍ ሽማግሌ ናቸው፤ በር ሲያልፉ በሩ ይጠብባቸዋል።

«እስቲ ከመጀመሪያው ይንገሩኝ ጋሽ ባየልኝ።»

«ምን እነግርሻለሁ ልጄ! ነፋሱ ሲነሳ አልጋዬን አንስቼ ዘበኛ ቤት ገባሁ። ዝናቡ ሲያባራ ብወጣ የዚህ ቤት በር ገርበብ ብሏል። ብገባ እንዲህ ሆኖ አገኘሁት። ሌባ ቆራርጦት ሄዷል።»

«ቁልፉ ማን ዘንድ ነው?»

«እኔ ኪስ ውስጥ።»

«ቁልፉ አልተሰበረም። ታዲያ በሩ እንዴት ተከፈተ?»

«እሱንማ እናንተ ድረሱበት እንጂ፤ እኔ ፖሊስ ነኝ እንዴ?»

መስኮቱን አየሁት። ደፉ ላይ የሀቡቡ አቧራ ተነጥፏል፤ የእጅም የእግርም ምልክት የለበትም። በመስኮት የገባ ሰው የለም ማለት ነው። ሽማግሌውን መልሼ ሳያቸው ዓይናቸውን ወደ ጣሪያው ሰደዱ።

«አልጋዎቹን ትናንት ማን አመጣቸው?»

«ብረቱን የጀይሉ አይሱዙ ጠዋት አራገፈው። ሁለቱን የገመድ አልጋዎች ደረበ ከኮኪት በትራክተር ተሳቢ ጭኖ ከሰዓት በኋላ አመጣቸው። ያ ሰውዬ አቧራ ለብሶ ለብሶ ዓይኑ ብቻ ነበር የሚታየው፤ ውሃ ሰጥቼ እኔ ነኝ ያስታጠብኩት።»

ደረበን የማያውቀው የለም። ኮኪት ላይ ትራክተር የሚያከራይ፣ ሰፊ የሰሊጥ እርሻ ያለው ሰው ነው። ስሙን ሰማሁና አለፍኩት።

ሰርካለም አላስጠራችኝም፤ ራሷ ገባች። በብብቷ የእንጨት ምርኩዝ ይዛለች፤ ቀኝ እግሯ ከጉልበቷ በታች የለም። ከወሎ ለቀን ሥራ መጥታ እግሯን የማሽላ መውቂያ ማሽን ነው የበላው። አልጋዋን አየችው፤ አላለቀሰችም።

«ያጠፋውን ሰው ቀስ ብለሽ ትይዥዋለሽ አካሌ። ለእኔ አልጋዬን ስጭኝ።»

«አልጋው ኤግዚቢት ነው። የምርመራው ማስረጃ ነው፤ ላንቺ ልሰጥሽ አልችልም።»

«ታዲያ ነገ በአራት ሰዓት አንቺ ልታቀርቢልኝ ነው? ‹ይኸው የሰርካለም ኤግዚቢት› ብለሽ?»

ኢሳ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

«ሌላ አልጋ አትሠሪም?»

«የደረቀ እንጨት የለኝም። እርጥቡን ብሠራው ኮሚቴው ፊት ይሰነጠቃል። መመሪያውን አንብቤዋለሁ፤ ጨረታው እስኪዘጋ ድረስ ተጫራች ናሙናውን አውጥቶ መልሶ ማስገባት ይችላል።» ምርኩዟን አስተካከለች። «ስሚኝ እህቴ። እኛ አምስት ሴቶች ነን። መንግሥት ኮኪት ላይ ሼድ ሰጥቶናል፤ ዘንድሮ ሥራ ካላሳያችሁ ለሌላ ይሰጣል ተብለናል። ይኼን ጨረታ ካላገኘን ጓደኞቼ ሐምሌ ላይ ተመልሰው ለአረም ይበተናሉ። እኔን በአንድ እግር ለአረም ማን ይቀጥረኛል?»

ወደ አልጋው ጎንበስ አልኩ።

«የተቆረጠው ገመዱ ነው» አለች። «ገመዱን ውሰጅ። እንጨቱ ምን አጠፋ?»

አልጋውን ከላይም ከታችም ፎቶ አስነሳነው፤ ገመዱን ፈትተን ወሰድን፤ እንጨቱን ሰጠናት። ኢሳ «ደንቡስ?» ሲል፣ «ደንቡን እኔ እጠየቅበታለሁ» አልኩት። እውነቱን ለመናገር ልቤ ትንሽ ፈራ ብሏል።

* * *

ሰው ሁሉ የጠቆመኝ ወደ ጀይሉ ነው። ጀይሉ ለወረዳው የቆርቆሮውንም፣ የጠረጴዛውንም፣ የምስማሩንም ጨረታ ሲያሸንፍ የኖረ ትልቅ ነጋዴ ነው። ሱቁ በር ላይ ተቀምጦ ከርከዴ ሲጠጣ አገኘሁት።

«ትናንት ማታ የት ነበሩ አቶ ጀይሉ?»

«ገንዳ ውሃ ከተማ፣ የእህቴ ልጅ ሰርግ ላይ። ሙሽሮቹን ጠይቂያቸው፤ ሀቡቡ ድንኳኑን ሲያነሳው ምሰሶውን ይዤ የቀረሁት እኔ ነኝ።» ብርጭቆውን አስቀመጠ። «ለአንድ የገመድ አልጋ ብዬ በዚያ ነፋስ ቢላዋ ይዤ ስሮጥ ይታይሻል ልጄ? በዚህ ሆድ?»

«ለሴቶችና ለአካል ጉዳተኞች ማኅበር ጨረታው ላይ ልዩ አስተያየት አለ። እርስዎ በዋጋ ትንሽ ቢሻሉ እንኳን እነሱ ሊቀድሙ ይችላሉ። አያናድድዎትም?»

«ወላሂ ያናድደኛል! ለምን እዋሻለሁ? ግን ሰርካለም አይደለችም የምታናድደኝ። የሷን እጅ አይቼዋለሁ፤ ገመድ ልጦታል። የምትሠራ ሴት ብትቀድመኝ ሐላሏ ነው። እኔን የሚያበግነኝ ትናንት የበቀለው ማኅበር ነው። አንቺም ኮኪት ስትሄጂ እጅ እጃቸውን እዪ።»

ኢሳ ወዲያው ስልክ ደውሎ የሰርጉን ነገር አረጋገጠ። ጀይሉ ሌሊቱን ከገንዳ ውሃ አልተነቃነቀም።

«ሰው ልኮ ቢሆንስ?» አለኝ መኪና ውስጥ ስንገባ። «ለዘበኛው ጉርሻ ሰጥቶ?»

እኔም ያንኑ ነበር የማስበው። ያልተሰበረ ቁልፍ፣ ጣሪያ ጣሪያ የሚያዩ ዘበኛ። ግን ጀይሉ የሚዋሽ ሰው አልመሰለኝም። የሚዋሹት ሽማግሌው ናቸው፤ ለማን እንደሚዋሹ ነው ያልገባኝ።

* * *

ኮኪት ስንደርስ ሼዱ ውስጥ ሥራው ደርቷል። አልጋው መሬት ላይ ተጋድሞ ሴቶቹ ግራና ቀኝ ቆመው አዲስ ገመድ ያስተላልፋሉ። ሥራውን የምትመራው አሰበች የምትባል ቀጭን ሴት ናት፤ የሰርካለም ቀኝ እጅ። ገመዱን በተረከዟ ረግጣ ስትስበው እንጨቱ ይጮሃል።

«ውሃ!» አለች። አንዷ ባልዲ አምጥታ ገመዱ ላይ ቸለሰችበት።

«አይበላሽም?» አልኩ።

«ኧረ ምን በወጣው! ገመድ ውሃ ሲጠጣ ይሰበሰባል። የረገበ አልጋ ያለው ሰው ሁሉ ውሃ ደፍቶ ነው የሚያጠብቀው። ነገ ጠዋት ጣትሽን ብትሰኪበት አይገባልሽም።»

ሰርካለም ከራስጌው እንጨት ሥር ቢጫ የጨርቅ ቁራጭ በገመዱ መሃል አሳልፋ ስትቋጥር አየኋት።

«ይኼ ደግሞ ለምንድን ነው?»

«ራስጌው እንዲታወቅ። እዚህ አገር አልጋ ማታ ይወጣል፣ ጠዋት ይገባል። ምልክት ከሌለው ዛሬ እግርሽን ባሳረፍሽበት ነገ ፊትሽን ታሳርፊበታለሽ። በእጅሽ ዳሰስ አድርገሽ በጨለማም ታገኚዋለሽ።» ሳቀች። «ሁሉም ከአንድ የድሮ መጋረጃ የተቀደደ ነው። እኛ ዘንድ ያለ እሱ የሚወጣ አልጋ የለም።»

እጇን አየሁት። ጀይሉ እንዳለው መዳፏ ተልጦ፣ ደድሮ፣ እንደገና ተልጧል።

«ጠላት አለሽ?»

«ጠላት ለማፍራትም ጊዜ ይጠይቃል አካሌ። ሁሉም ረድቶኛል። ደረበ እንኳ ‹በዚህ እግርሽ አልጋ አትጎትቺ፣ የሚስቴን እህት አልጋ ስለምወስድ ያንቺንም ልጫንልሽ› ብሎ በነፃ ነው የወሰደልኝ። እኔ በባጃጅ ቀድሜው ደርሼ ግቢው በር ላይ ብዙ ጠበቅኩት።»

«የሚስቱ እህት ማን ናት?»

«ፍቅርአዲስ ናታ። ያቺ አዲስ ማኅበር ያቋቋመችው።»

ደረበን ያገኘነው ከሼዱ ማዶ፣ ትራክተሩ ሥር ነው። ማረሻውን ግራሶ ይቀባል፤ ፊቱ በደስታ አብርቷል። ከነግራሶው ሊጨብጠኝ እጁን ዘርግቶ መልሶ ሳቀ።

«ተመስገን ነው ኢንስፔክተር! መሬቱ እንደ ድንጋይ ደርቆ ስንጨነቅ ከርመን፣ ይኸው ሌሊት የመጀመሪያው ጠብታ ወረደልን። መሬቱ ትንሽ ሲጠነፍፍ እርሻ እጀምራለሁ።»

«የሰርካለምን ነገር ሰምተዋል?»

«ሰምቼ በጣም አዘንኩ። ምስኪን ናት። ፍቅርአዲስ ተወዳዳሪዋ ብትሆንም እኔ ለሁለቱም እኩል ነኝ። ሌሊቱን እዚሁ ነበርኩ፤ ሠራተኞቼ በሙሉ ምስክሮቼ ናቸው። ሰሊጡ እንዳይረጥብ መጋዘን ላይ ሸራ ስናለብስ ነው ያደርነው።»

ሠራተኞቹ ከየአቅጣጫው ራሳቸውን በአዎንታ ነቀነቁ። እውነት ነበር።

«ረቡዕ ከኮኪት መተማ ድረስ ብዙ ቆይተዋል አሉ።»

«አዎ፣ ናፍጣ ላደርስ ወደ እርሻዬ ታጥፌ ዋልካ ያዘኝ። ያውቁት የለ የቆላውን ነገር!»

አውቀዋለሁ። ይህ ጥቁር ጭቃ ጎማ ከያዘ አይለቅም። በዚህ አገር ቀጠሮ ያረፈደ፣ ሰርግ ያመለጠው፣ ዕዳ ሊከፍል ቀጥሮ የቀረ ሁሉ ዋልካ ያዘኝ ነው የሚለው። የእኔ ፖሊሶች ሳይቀሩ ይሏታል። እኔም ጆሮዬ ስለለመዳት አመስግኜው ሄድኩ።

ከመሄዳችን በፊት የፍቅርአዲስን የሥራ ቦታ ለማየት ጠየቅኩ። ተቆልፏል። በስንጥቁ አጮልቄ አየሁ፤ ወለሉ ተጠርጓል፣ አንዲት የገመድ ብጣሽ እንኳ አልወደቀችበትም። ንጹሕ ሴት ናት አልኩ በልቤ።

* * *

ቢሮዬ ስንመለስ ፀሐይ ወደ ሱዳን በኩል ልትጠልቅ ጥቂት ቀርቷታል። የተቆረጠውን ገመድ ጠረጴዛዬ ላይ ትቼው ነበር። ሳነሳው የጠረጴዛው ጨርቅ አብሮት ተነሳ።

«ኢሳ! ይኼ ነገር ተጣብቋል።»

ኢሳ በጣቱ ነካው፣ አሸተተው፣ ከዚያ አንገቱን ነቀነቀ። «የግራር ሙጫ ነው። ጠንክሮ ነበር፤ ዝናቡ ያመጣው እርጥበት አላልቶት ነው።»

ወደ መስኮቱ ወስደን አገላብጠን አየነው። እያንዳንዱ ገመድ ከሥር በኩል በስለት ተቆርጧል፤ ግን እስከ ግማሹ ብቻ ነው። ቁስሉ በሙጫ ተሞልቶ በአቧራ ታሽቷል፤ ላየው ሰው ደህና ገመድ ነው። የቀረው ግማሽ ግን በስለት አልተነካም። ተጎትቶ የተበጠሰ ነው።

«ሌባ በሀቡብ ጨለማ ገብቶ ቆርጦ፣ ከዚያ ሙጫ ይለጥፋል?» አልኩ።

«ጅል ካልሆነ አይለጥፍም።»

«ሲቆረጥ ሊታይ አልተፈለገም። ታዲያ ማን በጠሰው? ክብደት ነው የበጠሰው ኢሳ። አንድ ሰው ተኝቶበታል።»

ተያየን። ሁለታችንም ያሰብነው አንድ ሰው ነው።

ጋሽ ባየልኝ አልጋቸውን ግቢው ውስጥ አውጥተው ጎናቸውን ሊያሳርፉ ነበር። ሳልጠየቅ ጫፉ ላይ ተቀመጥኩ። እንደ ከበሮ ተወጥሯል።

«ጋሽ ባየልኝ፣ አልጋዎን መቼ ነው ያጠበቁት?»

«እኔ? ምን ጉልበት አለኝና! እሱ እንደረገበ ነው የኖረው።»

«አሁን አልረገበም። ውሃ ጠጥቷል። ትናንት ከዝናቡ በፊት አላስገቡትም፤ ዝናቡ ቀድሞዎታል።»

ያ ግዙፍ ሰውነት ቀስ ብሎ ጠረጴዛ እንደሚያህል ድንጋይ ላይ ተቀመጠ።

«እንቅልፍ ጥሎኝ ነበር ልጄ። ስነቃ አልጋውም እኔም ዋና ላይ ነን። ቁልፉ ኪሴ ውስጥ ነው። ለአንድ አፍታ ጎኔን ላሳርፍ ብዬ ገባሁ። ብረቱን ነካሁት፣ ይቆረቁራል። ያቺ የሰርካለም አልጋ ደግሞ በሩ አጠገብ ናት፤ ገና ስታያት ታስተኛለች። ስቀመጥ ቻለችኝ። ጋደም ስል ግን ጉድ ሆንኩ፣ መሬት ላይ ነው የተገኘሁት። የድሃ ሴት አልጋ ሰበርኩ ብዬ ሌባ ነው አልኩ። ከሥራ ያባርሩኛል ብዬ ፈራሁ።» ዓይናቸው እንባ አቀረረ። «በኔ የተነሳ ጨረታው ቢያመልጣት እግዜር ይቅር አይለኝም።»

ልቆጣቸው ነበር የመጣሁት። ግን ነገሩ በአንድ ጊዜ ወለል ብሎ ታየኝ።

«እርስዎ ባይተኙበት ኖሮ ጋሽ ባየልኝ፣ ነገ ኮሚቴው ነበር የሚቀመጥበት። ሕዝብ ፊት ይዘረገፍ ነበር። ማንም ፖሊስ አይጠራም። የሴት ሥራ ይኸው ነው፣ ተብሎ ተስቆባት ትሄድ ነበር።»

 ተናድጄ ነበር። ሰው አልጋ ሊሰብር ይችላል፤ ይህኛው ግን ሴትዮዋ ዳግመኛ ጨረታ ፊት እንዳትቆም ሊያደርጋት ነበር ያሰበው።

የሌሊት ምስክሮች ሁሉ ዋጋ አጡ ማለት ነው፤ ጀይሉም ሰርግ ላይ፣ ደረበም መጋዘን ላይ፣ ሌላውም የትም ይሁን። ገመዱ የተቆረጠው ከሌሊቱ በፊት ነው፤ ሙጫ ተቀብቶ እስኪደርቅ በተረጋጋ መንፈስ፣ በጠራራ ፀሐይ።

ወደ መኪናው ስሄድ ጫማዬ ግቢው ውስጥ ባለው ጭቃ ተሰነቀረ። ብጎትተው እምቢ አለ።

«ምነው ዘገዩ?» ብሎ ጮኸ ኢሳ ከመኪናው።

«ዋልካ ይዞኝ ነው!» አልኩና ባለሁበት ደርቄ ቀረሁ።

* * *

አርብ ጠዋት ግቢው በሰው ተሞልቷል። ሦስት ሰዓት አልፏል፤ ሰርካለም የለችም። ኮሚቴው ጠረጴዛውን ጥላ ሥር አስቀምጦ ሰዓቱን ያያል። ደረበ ከፍቅርአዲስ ጎን ተቀምጧል። እኔ በሩን በሩን አያለሁ፤ እንጨቱን ከኤግዚቢትነት ያስወጣሁት በከንቱ ሊቀር ነው።

የጀይሉ አይሱዙ ጥሩምባውን እየነፋ ገባ። ላዩ ላይ የገመድ አልጋ አለ፤ አልጋው ላይ አሰበች ተቀምጣለች። ከጋቢናው ሰርካለም ወረደች፣ ከኋላዋ ጀይሉ።

«ተወዳዳሪዎን ጭነው መጡ?» አልኩት።

«መንገድ ላይ ባጃጅ ስትለምን አገኘኋት። እሷ በሌለችበት ባሸንፍ ምን ይጣፍጠኛል?»

አልጋው ተመዝግቦ ገባ። የኮሚቴውን ሰብሳቢ አስፈቅጄ ከፊት ቆምኩ።

«አቶ ደረበ፣ አንድ ጥያቄ ቀርታኛለች። ረቡዕ በመንገድ ላይ ምን አቆየዎት?»

«ነግሬዎታለሁ እኮ» አለ ፈገግ ብሎ። «ዋልካ ያዘኝ።»

ግቢው ውስጥ ያለው ሁሉ እርስ በርሱ ተያየ። የቆላ ሰው ነው፤ ዝናብ የሚጠብቅ ሰው የትኛው ቀን እንደዘነበ አይጠፋውም። የጋሽ ባየልኝ ድምፅ ከኋላ መጣ፦

«ረቡዕ? ረቡዕ ዋልካ ከየት መጣ?»

«የመጀመሪያው ዝናብ የጣለው ረቡዕ ለሐሙስ አጥቢያ ነው» አልኩ። «መሬቱ እንደ ድንጋይ ደርቆ ነበር ያሉኝ እርስዎ ራስዎ ነዎት። ግቢው የደረሱትም አቧራ ለብሰው ነው፤ እኚህ ሰው ውሃ ሰጥተው አስታጥበውዎታል። ጭቃ ሳይኖር ጭቃ ያዘኝ ያሉት ያረፈደ ሁሉ የሚለው እሱን ስለሆነ ነው፤ አፍዎ ቀደመዎት። መንገድ ዳር ግራር ሥር ቆመው ምን ሲሠሩ ነበር?»

«ይኼ... ሌላ ቀን ይሆናል የተምታታብኝ፣ እኔ...»

ኢሳ በጨርቅ የጠቀለለውን አወጣ። «ዛሬ ማለዳ በፍርድ ቤት ትእዛዝ ትራክተሩን ፈትሸናል። ከወንበሩ ሥር ይኼ ቢላዋ ነበር፤ ሙጫ ደርቆበታል።»

«ቢላዋ የሌለው ገበሬ አለ?» ብሎ ጮኸ ደረበ። «እኔ የሷን አልጋ ቆርጬ ምን አገኛለሁ? እኔ እዚህ ጨረታ ውስጥ የለሁበትም!»

«እሱን እንይ» አልኩና ወደ ፍቅርአዲስ ዞርኩ። ወጣት ናት፤ እጇን ነጠላዋ ውስጥ ደብቃለች። «ያቀረብሽውን ይኼን አልጋ ማን ሠራው እህቴ?»

«እኛ» አለች። ዓይኗ ግን ደረበ ላይ ነው።

«ሰርካለም፣ እስቲ ገልብጪው።»

ሰርካለም ምርኩዟን ለአሰበች ሰጥታ፣ በአንድ እግሯ ሚዛኗን ጠብቃ የፍቅርአዲስን አልጋ በጎኑ አነሳችው። ከራስጌው እንጨት ሥር፣ በገመዱ መሃል፣ ቢጫ የጨርቅ ቁራጭ ተቋጥሯል። ቀጥላ የራሷን አልጋ አነሳች። ያው ቢጫ፣ ያው መጋረጃ።

«ይኼ የኛ አልጋ ነው!» አለች አሰበች። «ገበያ ላይ የሸጥነው!»

ፍቅርአዲስ ፊቷን ሸፍና አለቀሰች። «ገዝቶ ያመጣው እሱ ነው። ማኅበሩም የኔ ስሙ ብቻ ነው ያለኝ። ለሴት ማኅበር ያደላሉ፣ አንቺ ፈርሚ፣ ሌላውን እኔ አውቃለሁ አለኝ። አልጋ መቁረጡን ግን አላወቅኩም፤ በእመቤቴ አላወቅኩም።»

«አንድ እጅ የሠራቸው ሁለት አልጋዎች ጎን ለጎን ቢቀርቡ ነገሩ ይነቃል» አልኩ። «አንዱ መውደቅ ነበረበት። ቆይ ግን፣ ጨረታውን ቢያሸንፍ አልጋዎቹን ማን ሊሠራለት ነበር?»

«እኛ!» አለች አሰበች፤ ድምጿ ግቢውን ሞላው። «ባለፈው መጥቶ ‹ጨረታው ባይሆንላችሁ እንኳ አትጨነቁ፣ እኔ በቀን ሥራ አሠራችኋለሁ› ሲለኝ ደግ ሰው መስሎኝ መርቄው ነበር!»

 ኢሳ ክንዱን ሲይዘው ደረበ ዙሪያውን አየ፤ ዓይኑን የሚቀበለው ሰው አላገኘም።

* * *

የፍቅርአዲስ ማኅበር ከጨረታው ወጣ። ጋሽ ባየልኝም ማንም ሳይጠይቃቸው ተነስተው ጥፋታቸውን ለኮሚቴው ተናገሩ፤ ሰብሳቢው በማስጠንቀቂያ አለፏቸው። ቀጥሎ ፈተናው መጣ። የጀይሉ የብረት አልጋ ከጠዋት ጀምሮ ፀሐይ ላይ ቆሞ ነበር። አንድ የኮሚቴ አባል ተቀመጡበትና ተፈናጥረው ተነሱ።

«ጥላ ውስጥ አስገቡት እንጂ ጃል!» ብሎ ጮኸ ጀይሉ፤ ሰዉ በሳቅ ፈረሰ፤ እሱም አብሮ ሳቀ።

ሰብሳቢው ለሰርካለም አልጋ ከሁሉ የሚከብድ ሰው ፈለጉ። ዓይን ሁሉ ወደ አንድ አቅጣጫ ዞረ።

«እኔን ተዉኝ» አሉ ጋሽ ባየልኝ። «እኔና ይቺ አልጋ ተነካክተናል።»

«ይተኙ ጋሽ ባየልኝ» አለች ሰርካለም። «በሙሉ ጎንዎ ይተኙ።»

ጫማቸውን አውልቀው መጀመሪያ በመዳፋቸው ተጫኑት። ከዚያ ተቀመጡ። ከዚያ እግዚአብሔርን ጠርተው ተዘረጉ። እንጨቱ ጮኸ፣ ገመዱ ጮኸ፣ አልጋው ግን አልተነቃነቀም። ሽማግሌው ዓይናቸውን ጨፈኑ።

«ይነሱ እንጂ» አለች ሰርካለም። «ገና ውጤት አልተነገረም።»

«ለእኔ ተነግሮኛል» አሉ ዓይናቸውን ሳይገልጡ።

ለቀረው ዓለም የተነገረው በሚቀጥለው ሳምንት፣ ግቢው በር ላይ በተለጠፈ ማስታወቂያ ነው። የሰርካለም ማኅበር በጥራትም በዋጋም አሸነፈ። እንደሰማሁት ከሆነ ልዩ አስተያየቱ እንኳ አላስፈለጋትም፤ ጀይሉ የሚበሳጨው በዚህ ነው። አልጋዎቹን ወደ ማረፊያው ያጓጓዘው ግን የእሱ አይሱዙ ነው፤ በኪራይ።

ሐምሌ ላይ ማረፊያውን ለማየት ሄድኩ። ከደጋ የወረዱ ሠራተኞች ፌስታላቸውን እንደያዙ ገብተው፣ መቀመጥ የተከለከሉ ይመስል ጥግ ጥጉን ይዘው ቆመዋል። ሰርካለም በምርኩዟ በአልጋዎቹ መሃል እየዞረች የእያንዳንዱን ራስጌ ትዳስሳለች።

«ሥራሽን አስረክበሽ የለ?» አልኳት። «ምን ታደርጊያለሽ?»

«እኔ ለመጀመሪያ ጊዜ ለአረም ስመጣ መሬት ላይ ነበር የተኛሁት አካሌ። ስንቱ እባብ ነክሶት ሲጮህ ሰምቻለሁ። ላያቸው ብዬ ነው።»

አንዲት ልጃገረድ ቀረበቻት፤ አነጋገሯ የወሎ ነው።

«እታለም፣ በየትኛው በኩል ነው የሚተኛው?»

ሰርካለም የልጅቷን እጅ ያዘች፤ ያ የተላጠ መዳፏ ለስላሳውን እጅ ዋጠው። ከእንጨቱ ሥር አስገብታ ቢጫው ጨርቅ ላይ አሳረፈችው።

«አገኘሽው? ራስሽን በዚህ በኩል አርጊው። በይ፣ እረፊ።»

ልጅቷ አልጋው ላይ ተቀመጠች፣ ትንሽ ቆይታም ጋደም አለች።